ፈረስ ጉልበቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ኪሎውን ንገሩኝ

በ1985 ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ቢኤምደብሊው ኤም 5 1,430 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። በ2024 የመጣው ኤም 5 ደግሞ 2,435 ኪሎ ነው። (እዚህ የምጠቅሰው የመኪና ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ልዩነቱ አንድ ቶን ነው፤ አሮጌው ኤም 5 ጣሪያው ላይ አንድ ቪትዝ ጭኖ እንደመሄድ ቁጠሩት። ጉልበቱም ከ286 ፈረስ ወደ 727 ወጥቷል፤ ስለዚህ ቀጥታ መንገድ ላይ አዲሱ አሮጌውን አቧራ ያስቅመዋል። የመኪና ወዳጆች ቅሬታ ግን ፍጥነቱ ላይ አይደለም። መኪናው ሲታጠፍ፣ ሲቆም፣ በጠባብ መንገድ ሲተላለፍ ያ ሁሉ ኪሎ ምን ያደርጋል ነው ጥያቄው።

ፒያሳ ቡና ላይ ይህን ክርክር የሚያነሳ ሰው "ጎንደር ውስጥ ስንት ኤም 5 አለና ነው?" መባሉ አይቀርም። ልክ ነው፣ ክርክሩ በስልክ ቪዲዮ የመጣ ነው። ክብደቱ ግን በሌላ በር ገብቶልናል። በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና ማለት የኤሌክትሪክ መኪና ማለት ሆኗል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ባትሪ ተሸካሚ ነው። 900 ኪሎ ገደማ በሆነች ኮሮላ ወይም ቪትዝ እጁ የተፈታ ሹፌር 2,100 ኪሎ የሚጠጋ ፎልክስቫገን አይዲ 4 ላይ ሲቀመጥ፣ የጀርመን ስፖርት መኪና ገዢዎች የሚያማርሩበትን ነገር በራሱ እግር ያገኘዋል። ሁለተኛው ጉዳይ የምንኖርበት ከፍታ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከፍታ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል፣ ኪሎ ግን አይቀንስም።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንያቸው። ፖርሽ 911 በ1964 ሲወጣ 1,080 ኪሎና 1.61 ሜትር ስፋት ነበረው፤ አሁን ያለው ትውልድ፣ 992 የሚባለው፣ በቀላሉ ሞዴሉ እንኳን 1,505 ኪሎ ሆኖ ስፋቱ 1.85 ሜትር ነው። የመጀመሪያው ጎልፍ ጂቲአይ 810 ኪሎ ነበር፤ ስምንተኛው ትውልድ ከ1,400 ኪሎ አልፏል። የ1980ዎቹ ቢኤምደብሊው ኤም 3 1,200 ኪሎ አካባቢና 1.68 ሜትር፤ የአሁኑ ከ1,700 ኪሎ በላይና 1.90 ሜትር። መርሴዲስ ሲ 63 ትልቁን ስምንት ሲሊንደር ሞተሩን ጥሎ ባለ ሁለት ሊትር አራት ሲሊንደር ሲሆን "ቀለለ" ብሎ የጠበቀ ሰው ነበር፤ ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ተጨምሮበት 2,111 ኪሎ ሆኖ መጣ። ዶጅ ቻርጀር ዴይቶና የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና ወደ 2,650 ኪሎ ነው። ይህን መኪና ስፖርት ብሎ ለመጥራት ድፍረት ያስፈልጋል።

ግን "ዘመኑ ነው፣ ምን ይደረግ" ለሚል ሰው መልስ አለ። ማዝዳ ኤምኤክስ 5 በ1989 ሲወለድ 950 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ከ2015 ጀምሮ የሚመረተው አራተኛው ትውልድ፣ ኤርባጉም የግጭት ደንቡም ተጨምሮ፣ ከ1,000 እስከ 1,060 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ርዝመቱ እንዲያውም ከመጀመሪያው ያጥራል። አልፒን ኤ 110 በአሉሚኒየም አካል 1,100 ኪሎ ላይ ተይዟል። ቶዮታ ጂአር 86 1,270 ኪሎ ነው። ጎርደን መሪ የነደፈው ቲ 50 ባለ አስራ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ከአንድ ቶን በታች ነው፤ ዋጋው ግን የሰማይ ነው፣ እሱን ለምሳሌ ብቻ እንያዘው። ኤምኤክስ 5 ሚሊየነር ያልሆነ ሰውም የሚገዛው መኪና ስለሆነ የሱ ማስረጃነት ይበልጣል። ቀላል መኪና መሥራት ይቻላል፤ መሐንዲሱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ግራም መቁጠር አለበት፣ ገበያ ክፍሉም ትልቅ ስክሪንና የመስታወት ጣሪያ ሲጠይቀው እምቢ ማለት አለበት።

ቁጥር ስታነጻጽሩ ግን ተጠንቀቁ፤ ኪሎ እንደ አመዛዘኑ ይለያያል። "ደረቅ ክብደት" የሚባለው ዘይትም፣ ውሃም፣ ነዳጅም ሳይኖር ነው፤ እንዲህ ያለ መኪና አይነዳም፣ ቁጥሩ ግን ለማስታወቂያ ያምራል። እንደ መኪናው ከ60 እስከ 100 ኪሎ ያህል ይደብቃል። የጀርመኑ የዲአይኤን መለኪያ ፈሳሹን ሁሉና 90 በመቶ ነዳጅ ይዞ፣ ሹፌር ሳይጨምር ይመዝናል። የአውሮፓ ኅብረቱ በዚያ ላይ ለሹፌርና ለእቃ 75 ኪሎ ይጨምራል። አሜሪካኖች ታንኩን ሞልተው ያለ ሹፌር ይመዝናሉ። ስለዚህ አንዱን በዲአይኤን፣ ሌላውን በአውሮፓ መለኪያ እያየ "75 ኪሎ ከበደ" የሚል ሰው የጨመረው ሹፌሩን ብቻ ሊሆን ይችላል። ከላይ የጠቀስኩት የኤም 5 2,435 በዲአይኤን ነው፤ ሹፌር ሲጨመርበት 2,510 ይሆናል።

የራሳችሁን መኪና ማወቅ ከፈለጋችሁ እህልና ሰሊጥ የጫነ መኪና የሚመዘንበት የምድር ሚዛን ይበቃል። ከተለዋጭ ጎማውና ከመቀየሪያ እቃው በቀር ያለው ሁሉ ይውረድ፣ የነዳጁን መጠን ጻፉ (አንድ ሊትር ቤንዚን 740 ግራም ገደማ ነው፣ 40 ሊትር ወደ 30 ኪሎ ይሆናል)፣ ሹፌሩም ይውረድ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ ይቁሙ፣ ቀጥሎ መኪናው ሙሉ፣ በመጨረሻ የኋላ ጎማዎች ብቻ። የፊትና የኋላው ድምር ከሙሉው ጋር ካልተቀራረበ የመግቢያው መሬት ከሚዛኑ ጋር እኩል አይደለም ማለት ነው፤ በትንሽ ቁልቁል እንኳን ክብደቱ ወደ ዝቅተኛው አክስል (ግራና ቀኝ ጎማውን የሚያገናኘው ዘንግ) ይሸሻል። እነዚህ ሚዛኖች ለከባድ መኪና የተሠሩ ስለሆኑ 10 ወይም 20 ኪሎ እየዘለሉ ነው የሚያነቡት፤ "ምንጣፉን አውጥቼ 3 ኪሎ ቀነስኩ" ለማለት አይሆኑም። የፊቱ ድርሻ ግን ጥሩ አድርጎ ይታወቃል፤ የፊት ጎማ የሚነዳት ትንሽ መኪና 60 በመቶ አካባቢ ፊት ላይ መሸከሟ የተለመደ ነው።

ኪሎው ከየት መጣ? ሰው ቶሎ የሚወቅሰው ኤርባግን ነው። ኤርባጎቹ ራሳቸው ብዙ አይከብዱም፤ የሚከብደው የአካሉ ብረት ነው። የጎን ግጭት መቋቋሚያ፣ በ2012 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው የመኪናው አፍንጫ በጠርዙ ብቻ የሚጋጭበት ፈተና፣ ጣሪያ ሲገለበጥ እንዳይደረመስ የሚባለው፣ እነዚህ ሁሉ ወፍራም ምሰሶና ወፍራም በር ጠይቀዋል። በሩ ሲወፍር የውስጡ ቦታ እንዳይጠብ መኪናው ወደ ጎን ይሰፋል። በዚህ ላይ ማንም አያጉረመርምም፤ ወይም ማጉረምረም የለበትም። የሚያናድደው ከዚያ በኋላ የተከመረው ነው፤ በሞተር የሚንቀሳቀስና የሚሞቅ ወንበር (አንዱ ብቻ ከ20 ኪሎ በላይ ይገባል)፣ ሰፊ የመስታወት ጣሪያ፣ ድርብ መስታወት፣ የድምፅ መከላከያ ምንጣፍ፣ ያንን ሁሉ የሚያገናኝ ሽቦ። የመስታወት ጣሪያው በተለይ ይከፋል፤ ኪሎው የተጫነው ከሁሉም በላይ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ስለሆነ መኪናው ሲታጠፍ ለማዘንበል የሚመቸው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ክብደት ክብደትን ይወልዳል። መኪናው ሲከብድ ለማቆም ትልቅ ዲስክ ያስፈልጋል፤ ዲስኩ እንዲገባ ቸርኬው ከ17 ወደ 20 ኢንች ያድጋል፤ ጎማው ይሰፋል፤ ሰፊውን ጎማ ለመሸፈን የጎማው ቤት ይሰፋል፤ ይህን ሁሉ ለመሸከም ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዙት እጆችና ኩሽኔታው ይወፍራሉ፤ ያጣውን ፍጥነት ለመመለስ ሞተሩ ይጨምራል፤ ለሞተሩ ማቀዝቀዣ ተጨማሪ ራዲያተር ይገባል። ባትሪ ያለው ደግሞ ይህን ዙር የሚጀምረው ከሩቅ ነው፤ የፖርሽ ታይካን ትልቁ ባትሪ በመጀመሪያው ሞዴል ብቻውን 630 ኪሎ ነበር። ሎተስ ኤሊዝ በ1996 ሲወጣ መኪናው በጠቅላላ 725 ኪሎ ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ። ሰፊ ጎማ ክብደቱን ይክሰዋል የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ጎማ ላይ የሚያርፈው ጭነት ሁለት እጥፍ ቢሆን መያዣው (መሬቱን የመጨበጥ አቅሙ) ሁለት እጥፍ አይሆንም፤ ከዚያ ያንሳል። መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ውጭ ጎማዎች ይሄዳል፣ ውስጠኞቹ ይቀላሉ፤ የውጭዎቹ ያገኙት መያዣ ውስጠኞቹ ያጡትን አያካክስም። ስለዚህ ከባድ መኪና በዚያው ጎማ ቀድሞ ይንሸራተታል። ሰፊ ጎማ ይህን ያሻሽላል፤ ግን በራሱ ይከብዳል፣ ሞላውም ያንን መቆጣጠር ያቅተዋል። ባለ 15 የብረት ቸርኬ ከነጎማው 15 ኪሎ ገደማ ነው፤ የአንዳንዱ ከባድ ስፖርት መኪና ባለ 20 ወይም 21 ከ25 ኪሎ ያልፋል። ጉድጓድ ሲመታ ይህ ኪሎ እየዘለለ ነው የሚመለሰው፤ የጎማው ግድግዳም ስስ ስለሆነ ቸርኬው ከንፈሩን ይታጠፋል፣ ወይም የጎማው ጎን እንደ እንቁላል ያብጣል። ያበጠ ጎማ አይጠገንም፤ ውስጡ ያለው ክር ተበጥሷል። "ለጊዜው ይሂድ" የሚል ጎሚስታ ካጋጠማችሁ ለጊዜውም አይሂድ።

ከፍታውን እዚህ ላይ እናስገባው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ጎንደር ላይ አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። የጂአር 86 235 ፈረስ እዚህ 190 ገደማ ይሆናል፤ 1,270 ኪሎው ግን እንዳለ ነው። ቱርቦ ያለው የጎደለውን አየር እያጨቀ አብዛኛውን ይመልሳል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ አየር አይተነፍስምና ምንም አያጣም። ስለዚህ ጉልበት ላይ ብቻ የሚከራከር ሰው ጎንደር ውስጥ በከባዶቹ ይረታል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። ነገር ግን ስስ አየር የፍሬን ዲስክ እንደልቡ ማቀዝቀዝም አይችልም። በዲስኩ መሃል የሚያልፈው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ በኪሎው ልክ ነው። መኪናውን በአየር ግፊት ወደ መሬት የሚጫነው የኋላ ክንፍም እዚህ ከሥራው አምስተኛውን ያጣል። እንግዲህ ከፍታ ላይ የማይቀንሰው አንዱ ነገር ክብደቱ፣ የሚቀንሰው ደግሞ እሱን የሚያግዘው ሁሉ ነው።

ሊማሊሞን ውሰዱ። ከደባርቅ ወደ ዛሪማ ጣሊያን ያወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አራት ሰው የያዘች ኮሮላ 1,200 ኪሎ ናት እንበል፤ 1,000 ሜትር ስትወርድ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል መጥፋት አለበት። አራት ሰው የያዘ አይዲ 4 2,400 ኪሎ ነው፤ 6.5 ኪሎዋት ሰዓት። ከዚህ ጥቂቱን አየሩና የጎማው መንከባለል ይበላዋል፤ ቀሪው ወይ በሞተር ይያዛል፣ ወይ ዲስክ ላይ እሳት ይሆናል። ለዚህ ነው የድሮ ሹፌሮች "በወጣህበት ማርሽ ውረድ" የሚሉት። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ሰው ማርሹን ዲ ላይ ትቶ ፍሬን ላይ ከተኛ ግን ምክሩ አልደረሰውም፤ ኤል ወይም 2 ያለው ይጠቀምበት። ፍሬኑንም ሙሉ ቁልቁለቱን በስሱ ረግጦ መያዝ አይደለም። ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን ጣል ማድረግ፣ ከዚያ ለቆ ዲስኩ እንዲተነፍስ ማድረግ ነው።

ፍሬን ሲከዳ ሁለት ዓይነት ነው፣ መለየቱ ነፍስ ያድናል። ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንክሮ መኪናው የማይቆም ከሆነ የፍሬን ሸራው ግሎ መያዝ ትቷል፤ የተቃጠለ ሽታም ይቀድመዋል። ፔዳሉ ከእግር ስር የሚሰምጥ ከሆነ ግን የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ገብቷል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ ፒስቶኑን አይገፋም። ያኔ ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ መምታት፣ ማርሽ መቀነስ፣ ዳር መያዝ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ይወርዳል፤ ዶት 4 230 እና 155፤ ዶት 5.1 260 እና 180። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይጠጣል፤ በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ስለሆነ ከነዚህ ጋር አይቀላቀልም፣ ቁጥሩ ተመሳስሎባችሁ እንዳትሳሳቱ። የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ አትድፉ፣ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬንም አትጎትቱ፤ ማርሽ ውስጥ አስገብታችሁ ጎማው ስር ድንጋይ አድርጉና እስኪበርድ ጠብቁ።

የኤሌክትሪክ መኪና እዚህ ላይ የሚመሰገንበት ነገር አለው፤ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ ፍሬን ይሆናል፣ ቁልቁለቱንም ወደ ባትሪ ይመልሳል። ዲስኩ ብዙም አይነካም። ሆኖም ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ መኪናው ራሱ በሞተር መያዙን ይቀንሳል ወይም ያቆማል፣ ያ ሁሉ 2,400 ኪሎ በዲስኩ ላይ ይወድቃል። ደጋ ላይ 100 በመቶ ሞልቶ ወዲያው ቁልቁለት መጀመር ከባድ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሊሠራ የሚችል የከፋ ስህተት ነው። ባትሪያችሁ 60 ወይም 80 ኪሎዋት ሰዓት ከሆነ ሊማሊሞን ወይም ከአይከል ወደ መተማ ያለውን ቁልቁለት ከ85 በመቶ በታች ሆናችሁ ጀምሩት። (መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ማለቴ ነው።)

መተማን ካነሳን፣ የጎማ ንፋስ ነገር። ከ700 ሜትር አካባቢ ወደ ጎንደር ስትወጡ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ብሎ ያነባል፤ በዚያው ልክ ደግሞ ብርዱ ንፋሱን ያወርደዋል። ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ መለካት ይበቃል።

ስፋቱ ከኪሎው ባልተናነሰ ያስመርራል። አዲሱ ኤም 5 1.97 ሜትር ነው፤ መስታወቶቹ ሲጨመሩ ከ2.1 ሜትር ያልፋል። አውቶቡስ 2.5 ሜትር ነው። 7 ሜትር አስፋልት ላይ ሁለቱ ሲተላለፉ ይበቃል፤ ጠርዙ በተበላ 6 ሜትር ላይ፣ ገደል ባለበት መታጠፊያ፣ መሃሉን ከያዘ አይሱዙ ጋር ግን የሚተርፈው ትንሽ ነው። ለስፖርት መኪና ወዳጅ ይህ ከደኅንነትም ያለፈ ነገር አለው፤ 1.68 ሜትር የነበረው ኤም 3 በ3.5 ሜትር መስመሩ ውስጥ ከሰፊ ገብቶ ወደ ውስጥ ተጠግቶ ለመውጣት ቦታ ነበረው። 1.9 ሜትር የሆነው መስመሩን ሞልቶ ይሄዳል፤ መታጠፊያውን የምትመርጡት እናንተ ሳትሆኑ የመንገዱ ቀለም ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በባጃጅ መሃል የምታልፉበት ክፍተት የሚወሰነው በሴንቲሜትር ነው። ሁለት በር ያለው መኪና በሩ ረጅም ስለሆነ ለመውረድ ከጎኑ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ግድግዳ ዳር አቁሞ በሌላው በር የሚወርድ ሰው ስታዩ አትሳቁበት።

ያለቻችሁን ቪትዝ ወይም ኮሮላ ለማቅለል ለሚያስብ ሰው ጥቂት ነገር። መጀመሪያ የሚወጣው ከፋብሪካ ጋር ያልመጣው ነው፤ የፊት መከላከያ ብረት፣ የጣሪያ ፖርታ ባጋሊዮ፣ የኋላ ኮፈን ውስጥ ያለው ትልቅ ስፒከር ከነሣጥኑ። የፊት ብረቱ ከፊት አክስል ቀድሞ ስለተሰቀለ ጉዳቱ ከኪሎው በላይ ነው፤ በግጭት ጊዜም አካሉ እንዲጨማደድ የተሠራበትን ሥራ ያበላሻል። ቀጥሎ ቸርኬ፤ ትልቅ አታድርጉ፣ ፋብሪካው የሰጠው ቁጥር ላይ ሆናችሁ ቀላል አሉሚኒየም ካገኛችሁ ያ ጥሩ ገንዘብ ነው። ተለዋጭ ጎማውን ግን ከጎንደር ውጭ የምትሄዱ ከሆነ አትንኩት። ቀበቶ፣ ኤርባግ፣ በር ውስጥ ያለው ብረት አይነካም፣ ክርክርም አያስፈልገውም። ሞላ መቁረጥ የሚወዱ ልጆች አሉ፤ የተቆረጠ ሞላ መኪናው በጉድጓድ ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ይወጣል፣ ሲመለስም ጠምዞ ይገባል፤ ሾክ አብዞርበሩም ጉዞው አልቆ ላስቲኩን እየደበደበ ቶሎ ያፈሳል። ብዙ ኪሎ ከፊት ካወጣችሁ ደግሞ አፍንጫው ከፍ ስለሚል አላይመንት ይደገም፤ አለበለዚያ ጎማው በአንድ ጎኑ ይበላል።

"ሕጉ የሚፈቅደው ስፖርት መኪና የቱ ነው ታዲያ?" ለሚል፣ ኤምጂ ሳይበርስተር የሚባል ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያው የሚከፈት የኤሌክትሪክ መኪና አለ። መልኩ ያምራል። ሁለት ሞተር ያለው 1,985 ኪሎ፣ ስፋቱ 1.91 ሜትር ነው፤ የኤምኤክስ 5 ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለኔ ይህ ከስፖርት መኪና ይልቅ ፈጣን የሽርሽር መኪና ነው። ባትሪ በኪሎ የሚይዘው ኃይል ካልጨመረ በቀር ቀላል የኤሌክትሪክ ስፖርት መኪና የሚመጣው ትንሽ ባትሪና አጭር ጉዞ በሚቀበል ገዢ በኩል ብቻ ነው። ጎንደርና ጎርጎራን ለሚመላለስ ሰው ያ ይበቃል፤ አምራቾቹ ግን የሚሸጡት 500 ኪሎ ሜትር የሚል ቁጥር ነው።

ከባዱን አንዴ ከገዛችሁት ደግሞ ጎማ ስትቀይሩ መጠኑን ብቻ አታንብቡ። ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር የሚሸከመውን ይናገራል፤ 82 ማለት 475 ኪሎ፣ 91 ማለት 615፣ 96 ማለት 710፣ 100 ማለት 800 ነው። የበሩ ምሰሶ ላይ ወይም በሰነዱ ላይ የኋላ አክስሉ እስከ 1,400 ኪሎ ይሸከማል የሚል ካያችሁ እያንዳንዱ የኋላ ጎማ ቢያንስ 700 መሸከም አለበት፣ ማለትም 96 ወይም ከዚያ በላይ። መጠኑ ልክ ሆኖ 91 የተጻፈበትን ጎማ "ያው ነው" ብሎ የሚያቀርብ ባለሱቅ አይጠፋም። ያው አይደለም፤ አራት ሰውና ሻንጣ ሲጫን ከአቅሙ በላይ እየተሸከመ ጎኑ ይግላል፣ ረጅም መንገድ ላይ በሙቀት ይፈነዳል።